ከማንኪያ ወደ ብርጭቆ፦ የፍራፍሬ ጭማቂ በሕፃናት አመጋገብ ታሪክና የአባያ ዳርቻ

ከቼንቻ ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው የቀላውን የአባያ ሐይቅ ውሃ ከሩቅ ካየ በኋላ፣ ሜዳውን ሲረግጥ የሚቀበለው ሙዝ ነው። በላንቴና በጫኖ፣ ከከተማይቱም ወዲያ በሸሌና በሲሌ በኩል፣ መንገዱ በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል ያልፋል፤ ፓፓያው፣ አቮካዶው፣ ዘይቱኑና ሎሚው በየጓሮው አለ። ከዚህ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሙዝ የመዲናይቱን ገበያ ከሚመግቡት ዋነኞቹ አንዱ መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ባለ አገር ስለ ሕፃናትና ስለ ፍራፍሬ መጻፍ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ፍሬው ሞልቷል፣ ልጁም አለ። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ከቅርብ ዘመን ወዲህ አንድ ሦስተኛ ነገር ገብቷል፤ እርሱም ብርጭቆ ነው።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ከሕፃናት አመጋገብ ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ የፍራፍሬ ጭማቂን የመረጥኩበት ምክንያት ይኸው ነው። ባልደረቦቻችን በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለልጄ ጁስ ብሰጠው ይበጀዋል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ግን ከባለሙያ ባለሙያ ሲለያይ ይሰማል። አንዱ «ቫይታሚን አለው፤ ይስጡት» ይላል፤ ሌላው ከውጭ አገር መመሪያ ያነበበውን ይዞ «ስኳር ነው፤ እንዳያስቀምሱት» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከታሪክ የወረሱትን ነው፤ የመልሳቸውን ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይሉትም። የሁለቱን መልሶች የትውልድ ሐረግ መቁጠር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በመሠረቱ በአገራችን የምግብ ባህል ውስጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ይህ ነው የሚባል ቦታ አልነበረውም። የምንጠጣው ከእህል፣ ከጌሾና ከማር የተሠራ ነበር፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ ብርዝ፣ ቅሪቦ። በጋሞና በአጎራባቾቹም ቦርዴና ፓርሶ አሉ፤ ቦርዴማ ከመጠጥነቱ ይልቅ ወደ ምግብነቱ ያደላል። ፍራፍሬ የሚበላ እንጂ የሚጠጣ አልነበረም፤ ያውም ከገበታ ውጭ። እረኛ ልጅ አጋሙን፣ እንኮዩን፣ ሾላውን፣ ዶቅማውን ከየዱሩ ለቅሞ ይበላል፤ ትልቅ ሰው ግን ይህን ከምግብ አይቆጥረውም፤ የልጅ ነገር ነው። የእኛ ሙያ ይህን የልጅ ነገር አቃልሎ ሊያየው አይገባም፤ በእህልና በእንሰት ላይ የቆመ ገበታ የሚጎድለውን ቫይታሚን ሲ ልጁ ማንም ሳይመክረው ከዱር ያገኝ ነበርና።

ለጨቅላው ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረ። በብዙ የአገራችን ክፍሎች እንገሩ ታልቦ ይደፋ ነበር፤ በምትኩ ሕፃኑን ቅቤ ያልሱታል፣ የአብሽ ውሃ ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ያቀምሱታል። ልማዱ ዛሬም ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ከዚያ አጥሚቱ፣ ከአጥሚቱ ቀጥሎ ገንፎው ይመጣል። በጋሞ ደጋ የእንሰት ቡላ፣ ገብስና ድንች፣ በቆላው በቆሎና የአገሬው ሰው ሀለኮ የሚለው የሽፈራው ቅጠል የቤቱ መደበኛ ምግብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ጁስ በከተማ ቤቶች በገባ ጊዜ የተቀመጠበት ቦታ ባዶ አልነበረም። ለሕፃን ከጡት ሌላ «ጉሮሮውን የሚያርስ» አንድ ነገር ማጠጣት የቆየ ልማድ ስለነበረ፣ አዲሱ መጠጥ የአብሽ ውሃውን ቦታ ለመውረስ አልተቸገረም።

ጁስን ግን ከሕፃናት አመጋገብ ጋር ያገናኘው የእኛ ልማድ አይደለም፤ ታሪኩ የሚጀምረው በመርከብ ላይ ነው። በግንቦት 1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም ሶልስበሪ በምትባል መርከብ ላይ በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ስከርቪ ድድን የሚያደማ፣ ጥርስን የሚያወላልቅ፣ የዳነ ቁስልን መልሶ የሚከፍት በሽታ ነው፤ በረጅም የባሕር ጉዞ ከጦርነት ይልቅ ሰው የሚጨርስ እርሱ ነበር። ሊንድ ለአንዱ ጥንድ ሆምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውሃ፣ ለሌሎቹም በዘመኑ ይሠራሉ የተባሉትን መድኃኒቶች ሲሰጥ፣ ለአንደኛው ጥንድ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ሰጠ። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ሁለተኛውም የቀሩትን ሕሙማን እንዲያስታምም ተመደበ።

ይህ ታሪክ በየመማሪያ መጻሕፍቱ ይገኛል። የሚዘነጋው ግን እነዚያ ሁለት ሰዎች ጭማቂ አለመጠጣታቸው ነው፤ የበሉት ፍሬውን ነበር። ጭማቂ የመጣው በኋላ ነው፤ የመጣበትም ምክንያት ከጤና ይልቅ የጭነት ጉዳይ ነበር። ብርቱካን በመርከብ ላይ ይበሰብሳል፤ ጭማቂ ግን በበርሜልና በጠርሙስ ይጓዛል። ሊንድ ራሱ ጭማቂውን በሙቀት አትንኖ ማወፈርን መክሮ ነበር፤ ሙቀቱ ቫይታሚኑን እንደሚያጠፋው በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከ1795 ጀምሮ ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ ማደል ጀመረ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ከካሪቢያን ደሴቶች በሚመጣ ሌላ ዓይነት ሎሚ ተካው። ይህኛው የቫይታሚን ሲ መጠኑ እጅግ ያነሰ ነበረና በሽታው በዋልታ ተጓዦች ላይ ተመልሶ ታየ፤ ሐኪሞቹም ስለ ፍራፍሬው እስከ መጠራጠር ደረሱ። ነገሩ የጠራው ሀንጋሪያዊው አልበርት ሴንት-ጆርጂ ቫይታሚን ሲን ለይቶ ካወጣ በኋላ ነው፤ ስለዚህና ተያያዥ ስለሆኑት ሥራዎቹ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከመርከቡ ወደ ሕፃኑ አልጋ ያለው መንገድ የሚያልፈው በፈላ ወተት በኩል ነው። በ1883 ቶማስ ባርሎ የተባለ የለንደን ሐኪም፣ እግራቸውን ሲነኳቸው የሚጮኹና ድዳቸው የሚደማ ሕፃናት የተያዙት በስከርቪ መሆኑን አስረዳ። የሚያስገርመው እነዚህ ልጆች በአመዛኙ የድሆች ልጆች አልነበሩም። ጡት ትተው በፋብሪካ የተዘጋጀ የሕፃን ምግብና የፈላ ወተት ይመገቡ የነበሩ የባለጸጎች ልጆች ነበሩ። ወተት ማፍላት ከተቅማጥና ከሳንባ ነቀርሳ ሲያድን፣ በወተቱ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ቫይታሚን ሲ ያጠፋ ነበር። በኒው ዮርክ አልፍሬድ ሄስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ከ1910ዎቹ ጀምሮ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ባደረገው ክትትል፣ በሙቀት የታከመ ወተት የሚመገቡ ሕፃናት የብርቱካን ጭማቂ ሲቋረጥባቸው በስከርቪ እንደሚያዙ፣ ሲመለስላቸውም እንደሚድኑ አሳየ። (ወላጅ በሌላቸው ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ መደረጉ በዚያው ዘመን ወቀሳ አስነሥቶበታል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር።)

አሁን መጠኑን እንመልከት። ስከርቪን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይበቃል። በ100 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሚገኝ፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ የፈላ ወተት የሚጠጣውን ሕፃን ከበሽታው ያድነው ነበር። ስለሆነም ጭማቂ ወደ ሕፃናት አፍ የገባው መድኃኒት ሆኖ ነው፤ በማንኪያ ተለክቶ፣ ለተለየ ሕመም፣ ለተለየ ልጅ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ወተት የሚፈልገውን ቫይታሚን ሲ ያገኛል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሪያውም ለእርሱ አልታዘዘም።

ማንኪያው እንዴት ብርጭቆ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ጦርነት ነው። ብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የዓሣ ዘይትና ከአሜሪካ የመጣ ወፍራም የብርቱካን ጭማቂ በመንግሥት ታድል ነበር፤ እደላው የቆመው በ1971 ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፍሎሪዳ ነው። በ1940ዎቹ የብርቱካን ጭማቂን አወፍሮና አቀዝቅዞ የማቆየት ዘዴ በተገኘ ጊዜ፣ ቀድሞ ወቅትን የሚጠብቀው ፍሬ ዓመቱን ሙሉ ከማቀዝቀዣ የሚወጣ የቁርስ መጠጥ ሆነ፤ ነጋዴውም የሐኪሙን ቃል ለማስታወቂያ ተዋሰ። ሐኪሞቹም በበኩላቸው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ጭማቂ እንዲጀመር ይመክሩ ነበር። በዚህ መካከል የሕፃናት ዱቄት ወተት ቫይታሚን ሲ እየተጨመረበት ይመረት ጀመር፤ ጭማቂው የታዘዘበት ምክንያት በዚያው ቀረ። ትእዛዙን ግን የሻረው አልነበረም። የአገራችን ሐኪሞችና ነርሶች የተማሩት በእነዚሁ አገሮች መጻሕፍት ስለነበረ፣ «ጭማቂ ይስጡት» የሚለው ምክር አብሮ ወደ እኛ መምጣቱ አያስደንቅም።

ይህ በዚህ እንዳለ፣ በአገራችን የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራ ሲመሠረት የተያዘው አቅጣጫ ሌላ እንደነበረ መመስከር ተገቢ ነው። በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል፣ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ከፊቱ ያገኘው በክዋሽዮርኮርና በማራስመስ የተጎዳ ሕፃን ነበር። መልሱም ጭማቂ አልነበረም፤ ገንፎ ነበር። ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተዋሕደውበት የተዘጋጀው ድብልቅ «ፋፋ» ተባለ፤ ስሙም መፋፋት ከሚለው ግሥ የተወሰደ ነው። ልጅን የሚያፋፋው ወፍራም ነገር ነው የሚለው ይህ ፍርድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ በኋላ መመሪያዎች የተሻለ ነበር።

በአባያ ዳርቻ የነበረውን ሁኔታ ስንመለከት፣ አርባ ምንጭ በቼንቻ ምትክ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ቆላው የወባ አገር ነበር፤ የደጋው ሰው ጥጡን ለሽመናው ይፈልገዋል እንጂ በዚያ ማደሩን አይወድም ነበር። መንገዱ፣ ሰፈራውና የመስኖው ውሃ ሲመጣ እርሻው ተስፋፋ፤ ጥጥና በቆሎ ቀደሙ፤ ሙዝ ሜዳውን የያዘው ከእነርሱ በኋላ ነው። ሙዝ ደግሞ የሚጨመቅ ውሃ የለውም። ልጅ ልጦ ይበላዋል፣ እናት በሹካ ፈጭታ ታጎርሰዋለች፤ ሌላ መንገድ የለውም። የአካባቢው ዋነኛ ፍሬ እንዲህ ያለ መሆኑ ለሕፃናቱ ትልቅ ዕድል ነበር።

ነገሩን የለወጠው ኤሌክትሪክና መፍጫው ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የበረከቱት የጁስ ቤቶች ወደ ክፍላተ ሀገር ከተሞችም ተዛመቱ፤ በአርባ ምንጭም ሴቻ ቢሉ ሲቀላ የሚታዩ ሆኑ። በብርጭቆ ውስጥ አቮካዶው በማንጎው ላይ፣ ማንጎው በፓፓያው ላይ ተደርቦ የሚቀርበው ስፕሪስ በጎን ሎሚ ተጨምቆበት በማንኪያ ይበላል። እዚህ ላይ «ይበላል» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍራፍሬው ሌላ ስኳሩ አለ፣ ማቅጠኛው ውሃ አለ፣ አልፎ አልፎም ቀይ ሽሮፕ ይፈስበታል። ልጅን ጁስ ቤት መውሰድ የሰንበት ግብዣ፣ የፈተና ሽልማት፣ ከሕመም ለተነሣም መጠገኛ ሆነ። ከዚህም ጋር በየሱቁ በካርቶን የታሸገውና በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት መጣ፤ እርሱም ስሙ ጁስ ነው፤ በተማሪው የምሳ ዕቃ ውስጥ ከዳቦው ጎን ተቀመጠ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በአገራችን «ጁስ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው በእውነት የተጨመቀው ነው፤ ብርቱካንና ሎሚ ታልበው ውሃቸው ተወስዶ አሰሩ የተጣለ። ሁለተኛው የተፈጨው ነው፤ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ከነሥጋቸው የሚቀርቡበት። ሦስተኛው ከፍሬ የራቀ ነው፤ ስኳር፣ ቀለም፣ መዓዛና ውሃ። የሊንድ መርከበኞች፣ የባርሎ ሕፃናትና የሄስ ማንኪያ ሁሉ የሚመለከቱት የመጀመሪያውን ነው። የውጭው መመሪያም «ጭማቂ» ሲል በዋነኛነት የሚያስበው እርሱን ነው። እኛ ግን ምክሩን በስሙ ብቻ ተርጉመን ስናስተላልፍ ስኳር ያልገባበትን የተፈጨ አቮካዶ እንከለክልና፣ «የፍራፍሬ መጠጥ» ተብሎ በተጻፈበት ካርቶን ላይ ዝም እንላለን።

ሦስቱን ለመለየት የልጁን ሆድ መለካት ይበቃል። የሕፃን ሆድ የሚይዘው በክብደቱ በአንድ ኪሎ 30 ግራም ያህል ነው ተብሎ ይሰላል፤ ስለዚህ ስምንት ኪሎ የሚመዝን የዘጠኝ ወር ልጅ በአንድ ጊዜ የሚችለው 240 ግራም ነው። ይኸውም አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ በዚያ ዕድሜ ከተጨማሪ ምግብ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማግኘት አለበት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ 550 ያህል። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሆዱን እስከ አፉ ሞልቶ የሚሰጠው 110 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያም ሁሉ ማለት ይቻላል ከስኳር፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ከሚደርስ። ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ የብረት ማዕድኑና ዚንኩ ከቁጥር አይገባም። ልጁ ጠግቧል፣ ገንፎውንም ጡቱንም ይገፋል፤ እናቲቱም «ምግብ እንቢ አለኝ» ብላ ወደ እኛ ትመጣለች። በአንጻሩ 100 ግራም አቮካዶ ብቻውን 160 ኪሎ ካሎሪና 15 ግራም ያህል ቅባት ይዟል፤ 50 ግራም የበሰለ ፓፓያ ደግሞ ለዚያ ዕድሜ በቀን የሚመከረውን 30 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይሞላል። በሾርባ ማንኪያ ቢቆጠር ጥቂት ነው፤ ለገንፎው የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ቫይታሚን ሲው ደግሞ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት በአንጀት እንዲሰርግ ስለሚረዳ፣ ፓፓያውን ከገንፎው ጋር መስጠት ለብቻው ከመስጠት ይበልጣል።

የምዕራቡ ሕክምና የራሱን ምክር መመርመር የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1985 ሀያምስና ላይክትነር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በትንንሽ ልጆች ላይ ለሚታይ ረጅም ተቅማጥ የፖም ጭማቂ ያልታሰበ ምክንያት መሆኑን ጻፉ፤ በፖም ውስጥ ያለው ፍሩክቶስና ሶርቢቶል ሲበዛ በልጅ አንጀት በቅጡ ስለማይሰርግ ውሃ እየሳበ ያወርዳል። በ1994 ስሚዝና ሊፍሺትዝ ከልክ ያለፈ ጭማቂ በመጠጣት ምክንያት ክብደት መጨመር ያቆሙ ስምንት ልጆችን ሁኔታ አቀረቡ፤ ጭማቂው ሲቀነስ ልጆቹ አገገሙ። በ1997 ባርባራ ዴኒሰንና ባልደረቦቿ ብዙ ጭማቂ በሚጠጡ ልጆች ላይ የቁመት ማጠርንም የክብደት መብዛትንም አስተዋሉ፤ ይህ የመጨረሻው ግኝት እስካሁን ያከራክራል። የጥርሱ ጉዳይ ግን ብዙ አያከራክርም፤ ጡጦውን ጁስ ሞልቶ ልጁ እየጠባው እንዲተኛ ማድረግ የፊት ጥርሶችን ያበሰብሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2001 ከስድስት ወር በፊት፣ በ2017 ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ጭማቂ እንዳይሰጥ መከረ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላሉትም ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ በጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር በሻይ ላይ ከምንጨምረው ስኳር ጋር አንድ ላይ ቆጠረው፤ በ2023 ደግሞ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች ጣፋጭ መጠጥ እንዳይሰጥ፣ ንጹሕ ጭማቂም እንዲገደብ መከረ። ሁለት መቶ ዓመት የፈጀው ጉዞ መልሶ ወደ ሊንድ ብርቱካን አደረሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምክሮች የተጻፉት ልጅ በብዛት በሚወፍርበት አገር መሆኑን መርሳት አይገባም። የእኛ ሒሳብ የተለየ ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019ም ቁጥሩ 37 ከመቶ ነበር። በዚያው በ2016 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ተመጣጣኝ ምግብ ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጁስ እዚህ የሚያስፈራው ልጁን ከማወፈሩ ይልቅ ከጥቂቱ ገንፎ ላይ መቀነሱ ነው። የቤተሰቡ ገንዘብም እንዲሁ ጥቂት ነው፤ ለካርቶን የወጣው ለእንቁላል ሊወጣ ይችል ነበር።

ውሃውም አለ። በ2008 ስለ ጅማ ከተማ የታተመ ጥናት በካፌና በምግብ ቤት የሚቀርበው ጭማቂ በተሕዋስያን የተበከለ መሆኑን አሳይቷል፤ ብክለቱ ከፍሬው ይልቅ ከውሃው፣ ከእጁ፣ ከመፍጫው ዕቃና ከማስቀመጫው እንደሚመጣ ለማንም ባለሙያ ግልጽ ነው። ሙዝና ብርቱካን በራሳቸው ልጣጭ የታሸጉ ናቸው፤ መፍጫው ግን ይህን ማሸጊያ ያነሣዋል። ተቅማጥ ለቀነጨረ ልጅ ምን እንደሆነ እዚህ መዘርዘር አያሻም።

በሌላ በኩል የፍራፍሬ እጦት ቀላል ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ በሱማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች፣ ከደረቅ እህልና ከዘይት በቀር ትኩስ ነገር በማይገኝበት ቀለብ ሲኖሩ፣ የሊንድ መርከበኞች በሽታ ይዟቸዋል፤ ይህም በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ታትሟል። ስለዚህ «ጁስ አትስጡ» ብሎ የሚያቆም ምክር ግማሽ ምክር ነው፤ ፍሬው በሌላ መንገድ ወደ ልጁ አፍ እንዲደርስ ካላደረገ ከነበረው ሊከፋ ይችላል።

በጋሞ ዞን ይህ ጥያቄ በከፍታ ይለያያል። በላንቴ ያለች እናት ማንጎው በጓሮዋ ነው፤ የሚያስፈልጋት ጭማቂ ሳይሆን ሹካና የታጠበ እጅ ነው፤ ሽፈራውም አጠገቧ ስላለ ለጋው ቅጠል በደንብ በስሎና ደቅቆ በገንፎው ሊገባ ይችላል። የጓሮው ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ ገና ጥሬውን ለነጋዴ የተቆረጠ ነው፤ ገበሬው ሸጦ ለልጁ ብስኩትና የካርቶን ጁስ ይዞ ሲገባ ማየት በአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ሳይ ሁልጊዜ ይከብደኛል፤ ገንዘብ ማግኘቱ ግን ጥፋት ሆኖ አይደለም። ደጋው ደግሞ ሌላ ነው። በሚስዮናውያን አማካይነት ወደ ቼንቻ የገባው ፖም ዛሬ ለአካባቢው መታወቂያ ቢሆንም፣ ዋጋው የሽያጭ እንጂ የልጅ ቀለብ አላደረገውም፤ ከቆላው የሚወጣውም ሙዝ በአብዛኛው ተራራውን ሳይወጣ ወደ ሰሜን ይጫናል። የደጋው ልጅ ከቡላው ጎን የሚያገኘው ጎመንና ድንች ነው፤ ድንቹም ከነልጣጩ ሲቀቀል ቫይታሚን ሲ ስለሚተርፈው ሊናቅ አይገባውም።

እንግዲህ እናቲቱ «ጁስ ልስጠው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ከመልሱ በፊት የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። ልጁ ስንት ወሩ ነው? ስድስት ወር ካልሞላው ጥያቄው እዚያው ያልቃል፤ ጡት ብቻ ነው። ከሞላው፣ ጁስ የሚሉት የቱን ነው፤ የተጨመቀውን፣ የተፈጨውን ወይስ የካርቶኑን? ስኳር ገብቶበታል? ውሃው ፈልቷል? በጡጦ ነው በማንኪያ? ከገንፎው በፊት ነው ወይስ በኋላ? አቮካዶ ወይም ፓፓያ ያለ ስኳርና ያለ ውሃ ደቅቆ ከገንፎው ቀጥሎ በማንኪያ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስሙ ጁስ ቢሆንም ምግብ ነውና ይቀጥሉበት። ፖም ያለው የደጋ ቤተሰብ ደግሞ ገና በቅጡ ለማያኝክ ልጅ ጥሬውን ቆርሶ ከመስጠት ይልቅ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ልጦና ፍቆ ወይም ቀቅሎ አድቅቆ ጥቂት ጥቂት ቢያጎርሰው ይበጃል፤ ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላልና።